ለፌንጣዋ የመጣው አዲስ ባቡር

መዶሻውን አልሰጣቸውም! ደብዳቤያቸውን አንብቤ እንደጨረስኩ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ከእኔና ከድመቷ በቀር ማንም አልነበረም፣ ግን ጮኼ ነው ያልኩት። ወረቀቱን ለሁለት ቀድጄ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ንዴቱ አላስቀምጥ ሲለኝ አወጣሁትና የሽንኩርት ልጣጩን አራግፌ፣ በፕላስተር አያይዤ፣ እንደገና አነበብኩት።

«ውድ ወይዘሮ ዶሪን» ይላል። ውድ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «አላችሁ ወይ?» ብለውን የማያውቁ ሰዎች፣ ዛሬ ውድ ሆንኩላቸው። «ፌንጣዋ የተባለችው የእንጨት ሮለር ኮስተራችን በዚህ በጋ መቶ ዓመት ይሞላታል። ለበዓሉ ሦስተኛውን ባቡሯን አስመጥተናል፤ ቀላል፣ ምቹና በኮምፒውተር የሚመራ ነው። መሳፈሪያው ላይ በምናቆመው የመስታወት ሣጥን ውስጥ የአባትዎን የሚሎ ሃርቻርን መዶሻ ለሕዝብ ብናሳይ ክብር ይሰማናል።» ከሥሩ ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ አያይዘውልኛል፣ አይቼ ሐሳብ እንድሰጥበት። «በድሮ ጊዜ የፌንጣዋ ደህንነት የአንድ አናጢ መዶሻ ነበር። አናጢው በየጠዋቱ ሐዲዱን ዞሮ፣ ደህና ሲሆን መዶሻውን ምስማር ላይ ይሰቅል ነበር። ሁለተኛው ባቡር በተመረቀበት ቀን ግን አናጢው ተሳሳተ፤ መዶሻውን ሰቀለ፤ አደጋ ደረሰ። ማሽን አይሳሳትም።»

ፊርማ፦ ብራንት ክሬይቢል፣ የመናፈሻው ሥራ አስኪያጅ። የልጅ ልጁ ነው፤ የዚያ የመናፈሻው የድሮ ባለቤት የሌላንድ ክሬይቢል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸ ነው። አያትየው ያደረገውን አደረገ፤ ልጁ ዝም አለ፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ መዶሻውን ራሱን ስጪኝ ይለኛል። ለዚህ ነው ይህን ታሪክ የምነግራችሁ። ስነግራችሁ ግን ራሴን አላስቀርም። እኔም አለሁበት። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ያለሁበት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከመናፈሻው አጥር ጋር ደረት ለደረት ነበርና ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የአባዬ መዶሻ ነው። ጎህ ሲቀድ ፌንጣዋ ላይ ይወጣና ከመጀመሪያው ዳገት እስከ መጨረሻው ፍሬን ድረስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየመታ ይሄዳል። ደህና ብሎን «ቲን» ይላል፤ የላላ «ዷ» ይላል። አልጋዬ ላይ ሆኜ እቆጥር ነበር። ቲን፣ ቲን፣ ቲን፣ ቲን፣ ዷ። «ዷ» ስሰማ አባዬ ጎንበስ ብሎ በመፍቻ ሲያጠብቅ ይታየኛል። ነፋስ ከዚያ በኩል ሲመጣ የግራሶው ሽታ፣ የጥዱ ጣውላ ሽታና ማታ ሊጥ የተጠበሰበት ዘይት ሽታ አንድ ላይ ሆነው ክፍሌን ይሞሉታል። ፌንጣ ያሏት ሰውን ከመቀመጫው ብድግ ስለምታደርገው ነው፤ በየኮረብታው ጫፍ ላይ ሆድ አፍ ይደርሳል።

ጨርሶ ሲወርድ መሳፈሪያው ላይ ኤምሪስ ፕሮበርት ይጠብቀዋል። ኤምሪስ የባቡሯ ፍሬን ሰው ነው፤ ቁመቱን የሚያህለውን የእንጨት እጀታ ሲገፋ ባቡሩ ይሄዳል፣ ሲስብ ይቆማል። ከእጀታው በላይ ምሰሶው ላይ አንድ ትልቅ ምስማር አለ።

«እህ፣ እንዴት አደረች?» ይላል ኤምሪስ።

«ጠግባ አድራለች» ይላል አባዬ፤ መዶሻውንም ምስማሩ ላይ ይሰቅላል። አለቀ። መዶሻው ካልተሰቀለ ባቡሩ አይነሳም፤ ሕጉ ይኸው ነበር፣ የትም አልተጻፈም፣ ማንም አፍርሶት አያውቅም። አንድ ጊዜ ሚስተር ክሬይቢል ራሱ ቸኩሎ «በል ልቀቃት!» ቢለው፣ ኤምሪስ ትምባሆውን እያኘከ ባዶውን ምስማር በአገጩ አሳየው። ባለቤትየው ቀልቶ ሄደ። እኔና ግዌን፣ የኤምሪስ ልጅ፣ ለአንድ ሳምንት ያንን አገጭ እያስመሰልን ስንስቅ ከረምን። ግዌን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ግዌንን መሆን እንፈልግ ነበር፤ ስትሮጥ ወንዶቹ እንኳ አይደርሱባትም።

በዚያ ግንቦት አዲሱ፣ ሁለተኛው ባቡር በከባድ መኪና ተጭኖ መጣ። አቤት ማማር! ብር የመሰለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መቀመጫ ያለው፣ ራስ የሚያስደግፍ። የድሮው አረንጓዴ ባቡር አጠገቡ ሲቆም የድሃ ዘመድ መሰለ፦ ሁለት ሰው በአንድ አግዳሚ፣ ለሁለቱ አንድ መያዣ ብረት፣ ቆዳው የተቀደደበት ቦታ ላይ አባዬ የጠቀመው ይታያል። እኔ አዲሱን ዞሬ ዞሬ አልጠግብ አልኩ። አባዬ ግን ተጣጣፊ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ የሚስተር ክሬይቢልን ትከሻ ነካ አደረገ።

«ይሄ ጋሪ ረጅም ነው፣ ሚስተር ክሬይቢል። ቀስቱ ላይ አይታጠፍም። ጣውላውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ክብደቱም የድሮውን እጥፍ ነው።»

ቀስቱ ከሁለተኛው ኮረብታ በኋላ የሚመጣው ጠባቡ መታጠፊያ ነው።

ሚስተር ክሬይቢል ዙሪያውን ለቆሙት ሰዎች ጠቀሰ። «አያችሁት? ልጁን መዳር የከበደው አባት! ሚሎ፣ ተዋት እንጂ፣ ታግባ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አባዬ ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በዚያ ሰዓት የገባኝ ነገር ቢኖር አባዬ በአዲሱ ባቡር መቅናቱ ነው። የድሮውን እሱ ስለጠገነው፣ እሱ ስለቀባው፣ አዲስ ነገር ዓይኑን እንዳቃጠለው ቆጠርኩት። በአባቴ አፈርኩ።

እራት ላይ እማዬ ድንች የተሞላውን ፒሮጊ እያወጣች «ነገርከው?» አለችው።

«ነገርኩት።»

«በደንብ?»

«ሦስቴ ነገርኩት፣ አና። መታጠፊያውን አፍርሰን በድርብ ጣውላ እንሥራው፣ ስድስት ሳምንት ስጠኝ አልኩት። የትምህርት ቤቱ ሽርሽር ቀን ይመረቃል፣ ጋዜጣ ጠርቻለሁ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ? መዶሻው የኔ ነው» አለ አባዬ።

ይህን ሰምቼ ኩርፊያ ነው አልኩ። መዶሻው የኔ ነው! እኔና የክፍሌ ልጆች አሻንጉሊት ላይ ስንጣላ የምንለውን ማለቱ ነው ብዬ ታዘብኩት። ዛሬ ሳስበው ያ አንድ አረፍተ ነገር አባቴ በዚህ ምድር ላይ ያለው ሥልጣን ሁሉ ነበር፤ እሱም ይበቃኛል ብሎ አምኖበት ነበር።

በማግስቱ ሚስተር ክሬይቢል እቤታችን ድረስ መጣና በረንዳው ላይ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ «የሚሎ ልጅ ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች! ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ይወጣል!» አለኝ። ከደስታ ብዛት መሬት አልነካም ነበር። ጎኔ ግዌን እንደምትቀመጥም ነገረኝ። ሰውዬው እንዴት ደግ ነው ብዬ ነበር። ደግ! የአናጢው ልጅና የፍሬኑ ሰው ልጅ ፊት ከተቀመጡ ማን ይፈራል? እኔንና ግዌንን ማስታወቂያ አድርጎ ነው የለጠፈን። ይህን ለመረዳት ጎልማሳ መሆን ነበረብኝ፤ ከተረዳሁ ወዲህ ደግሞ ደሜ ሲፈላ ይኖራል።

ከምረቃው በፊት በነበረው ቀን ባቡሩን በሰው ፈንታ የአሸዋ ከረጢት ጭነው አራት ጊዜ አስኬዱት። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዬ ሆኜ እንደወትሮው ጆሮዬን ጣልኩ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን። ቀስቱ ጋ ሲደርስ ግን ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ከዚያ ጸጥ። አንድም መፍቻ ሲዞር አልሰማሁም።

የሽርሽር ልብሴን፣ ነጭ ካልሲዬን ለብሼ ከአባዬ ጋር በመኪናው በዚያኛው ጫፍ ወዳለው የመናፈሻው በር ሄድኩ። አባዬ መዶሻውን ወንበሩ ላይ፣ በኔና በእሱ መካከል አስቀመጠ። ከሸሚዙ ኪስ የጣት ርዝመት ያለው አዲስ የተሰነጠቀ የእንጨት ስንጣሪ ብቅ ብሏል። ጥርስ መጎርጎሪያ ሊሠራበት ነው ብዬ አሰብኩ።

«ዶርካ» አለኝ፤ ደስ ሲለው ወይ ሲከፋው ነው እንደዚያ የሚጠራኝ። «ቢሮ ደርሼ እመጣለሁ። እዚሁ መኪናው ጋ ጠብቂኝ።»

«መዶሻውስ?»

«እሱ እዚህ ይቆይ።»

ሄደ። ቢሮው ከመሳፈሪያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ጠበቅሁ። የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ መንፋት ጀመረ። ወረፋው ከመሳፈሪያው ወጥቶ እስከ ፖም ጭማቂ ሻጩ ድረስ ደረሰ። የክፍሌ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው «ዶሪን! አባትሽ የታለ? ፈርቶ ተደበቀ እንዴ?» ይሉኝ ጀመር። አንዱማ «መዶሻውን አይጥ በላበት!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ሽቅብ ሳይ ግዌን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ እየመታች «ነይ እንጂ፣ አንቺ!» ትለኛለች። ኤምሪስ እጀታው አጠገብ ቆሞ ምስማሩን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ ደግሞ ምስማሩን አየ። ፎቶ አንሺው «መቼ ነው የምትነሡት?» ሲለው ትከሻውን ሰበቀ።

አባዬ ረሳው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሐዲዱን ሲዞር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ዞሮ ጨርሷል፤ ከሚስተር ክሬይቢል ጋር ሲከራከር መዶሻውን መስቀል ረሳው። ሰው ሁሉ ደግሞ በሱ እየሳቀ ነው። አንድ ነገር ማድረግ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መዶሻውን ከመኪናው አወጣሁት። ከባድ ነበር፤ እጀታው ላይ የጠቀለለው ጥቁር ፕላስተር በሙቀቱ ቀልጦ መዳፌ ላይ ተለጠፈ። በመሳፈሪያው ኋላ፣ በሠራተኞች ደረጃ ወጣሁ። ኤምሪስ ፎቶ አንሺው ወደጠቆመው ዞሮ ኮፍያውን ያስተካክላል። የለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሜ፣ በእግሬ ጣት ተንጠራርቼ ሰቀልኩት። ከዚያ በሌላው በኩል ዞሬ ግዌን አጠገብ ዘልዬ ተቀመጥኩ።

ኤምሪስ ዞር ሲል መዶሻውን አየ። አባዬን በዓይኑ ፈለገው። «እንዴት አደረች?» የሚለው ሰው በማጣቱ ትንሽ ግራ የተጋባ መሰለኝ። ግን መዶሻ መዶሻ ነው፤ ሃያ ዓመት ሲያምነው ኖሯል። ብረቶቹን አወረደልን፣ የልጁን ጉንጭ ቆንጠጥ አደረገ፣ ደወሉን መትቶ እጀታውን ገፋ።

ሰንሰለቱ ያዘን። ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ተክ። ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ የቢሮው ጣሪያ ታየኝ። በሩ ተበርግዶ አባዬ ወጣ። ዳገቱን ቁልቁል ይሮጣል፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ያወናጭፋል፣ አፉ ተከፍቷል።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ እኔም እጄን አውለበለብኩለት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ወረድን፣ ሁለተኛውን ወጣን፣ ሆዴ አፌ ደረሰ፣ ሳቅሁ። ቀስቱ ውስጥ ስንገባ ከሥራችን እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማሁ። ጣውላው ነው። ባቡሩ ወደ ውጭ ተገፍቶ ምሰሶውን መታና ቀጥ ብሎ ቆመ። ምላሴን ነክሼ አፌ ደም ሞላ፤ እኔ ከዚህ በቀር ምንም አልሆንኩም። በግዌን በኩል ያለው የባቡሩ ጎን ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ግዌን አልጮኸችም። «ዶሪ፣ እግሬን አንሺልኝ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እባክሽ እግሬን አንሺልኝ።»

በመሰላል አወረዱን። መሳፈሪያው ላይ ኤምሪስ የአባዬን ሸሚዝ በሁለት እጁ አንቆ ይዞ «መዶሻህን አይቼ ነው የለቀቅኳት! ሚሎ! መዶሻህን አይቼ ነው!» እያለ ያለቅሳል። አባዬ ቀና ብሎ ምስማሩን አየ። ከዚያ መኪናውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ወደኔ መጥቶ እጄን ያዘና መዳፌን ገለጠው። የጥቁሩ ፕላስተር ሙጫ እዚያው አለ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፎ ጨበጣቸውና በራሱ መዳፍ ውስጥ ሸፈናቸው።

ሚስተር ክሬይቢል ዳገቱን ወርዶ ደረሰ። ባርኔጣው ቀጥ እንዳለ ነው። ምስማሩን አየ። «መዶሻው ተሰቅሏል እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ መጥራት አልችልም ነበር። ዛሬ እጠራዋለሁ። እፎይታ ነበር።

«አዎ» አለ አባዬ። «እኔ ነኝ የሰቀልኩት።»

«አይደለም፣ እኔ...» ብዬ ልናገር ስል እጄን እስኪያመኝ ጨመቀው።

«ሁላችሁም ሰማችሁ» አለ ሚስተር ክሬይቢል። «ራሱ ነው የተናገረው።»

እኔስ ምን ተሰማኝ? ሳልዋሽ ልንገራችሁ፤ አባዬ የሠራሁትን ነጠቀኝ ብዬ ተናደድኩ። መርሳቱ አሳፍሮት፣ አልረሳሁም ለማለት ሲል የኔን ሥራ የራሱ አደረገ አልኩ። አደጋውን ደግሞ ከመዶሻው ጋር አላገናኘሁትም። ሐዲዱን ዞሯል፣ ዞሮ ደህና ነው ብሏል፣ ደህና ግን አልነበረም። ስለዚህ አባዬ ሥራውን አያውቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሒሳብ ይህ ነበር። ሳድግም ያልታረመው ግን ስላልፈለግሁ ነው። አንዳንዱን ነገር ሰው የማያውቀው ላለማወቅ ስለሚጥር ነው።

አባዬ ተባረረ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ከሌላ ከተማ የመጡ ሠራተኞች ቀስቱን አፍርሰው በድርብ ጣውላ ሠሩት፤ ልክ እሱ ባለው መንገድ፣ ልክ እሱ ባለው ጊዜ! ብር የመሰለው ባቡር ሃምሳ ዓመት ሄደበት። የድሮውን አረንጓዴ ባቡር ሸጡት፤ አንዱ ጋሪ አይስክሬም ቤት ደጃፍ ላይ አበባ ተተክሎበት ይኖራል። አባዬ እዚያ መንገድ ላይ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ መጋዘን ውስጥ የተሰበረ የዕቃ መጫኛ ጣውላ ሲመታ ኖረ።

ግዌን በተሽከርካሪ ወንበር ከሆስፒታል ስትወጣ አባዬ መሣሪያውን ጭኖ የኤምሪስ በረንዳ ላይ ለወንበሩ የሚሆን መወጣጫ ሠራ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ኤምሪስ በመስኮት እያየው አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ «ደህና ዋልክ» አላለውም። እኔ ብስክሌቴ ላይ ሆኜ አየሁና «ጥፋተኛ ባይሆንማ ለምን ይሠራላቸዋል?» አልኩ። ሁለቱ ሰዎች ኤምሪስ እስኪሞት ድረስ ቃል አልተለዋወጡም፤ ሃያ ዓመት ገደማ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ከመናፈሻው ሠራተኞች ልጆች በአንዷ ተሰድቤ መጥቼ፣ እራት ላይ አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኩት፦ «ሥራህን ብታውቅ ኖሮ ግዌን አታነክስም ነበር።»

እማዬ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ዶሪን!» አለች።

አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። «ልክ ነሽ» አለኝ። «እስቲ ጨዉን አቀብዪኝ።»

ጨዉን አቀበልኩት። ምነው እጄን በቆረጠው!

የዛሬ ሁለት ዓመት አባዬ በዘጠና አንድ ዓመቱ ሞተ። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ሲበላ አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ አሮጊት ወደኔ መጣች። ኦፓል ግሪንዋልት ትባላለች፤ የሚስተር ክሬይቢል ጸሐፊ ነበረች።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ይህን ይዤ አልሞትም። የዚያን ቀን አባትሽ ቢሮ ገባና አንድ የእንጨት ስንጣሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ‹ቀስቱ ተሰንጥቋል። መዶሻዬ መኪናዬ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቆያል። ዛሬ አትነሳም› አለው። ሌላንድ ሳቀበት። ሲከራከሩ ሰንሰለቱ ሲጮህ ሰማን። ተክ ተክ ሲል። ሦስታችንም ሰማን። አባትሽ ፊቱ አመድ ሆነና ሮጠ።»

«ሚስተር ክሬይቢልስ?»

«ስንጣሪውን አንስቶ ምድጃው ውስጥ ጣለው። ከዚያ ባርኔጣውን አደረገ።»

«አባቴ ቢሮ ውስጥ ከነበረ መዶሻውን ማን ሰቀለው ብላችሁ አልጠየቃችሁም?»

«ሌላንድ ‹ማን ሰቀለው አትበዪ፣ ኦፓል፤ ሰውዬው ራሱ አምኗል› አለኝ። እኔም እንጀራ ፈላጊ ነበርኩ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ማን እንደሰቀለው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

እኔ አውቅ ነበር።

እንግዲህ ሚስተር ክሬይቢል ሁለት ጊዜ ነው የበደለን። ሐዲዱ ባቡሩን እንደማይችለው እየተነገረው ሕፃናት ጫነበት፤ ይህ አንድ። አባቴ መዶሻውን እንዳልሰቀለ በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ አባት ልጁን ለማዳን የዋሸውን ውሸት አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ ይህ ሁለት። በዚያ ውሸት ተጠልሎ በክብር ኖረ፣ በክብር ተቀበረ፤ የመናፈሻው አደባባይ በስሙ ተጠራ። አባዬስ? አባዬ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ። ደግሞ ያስፈጀው በኔ ምክንያት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛ ንጋት ግን ባለቤቱ ከተቀበረ በኋላ ነው የጠራው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርቼ ዝም አልኩ። እንደ ኦፓል። ደብዳቤያቸው ባይመጣ ዛሬም ዝም እል ነበር፤ ይህንንም ጻፉልኝ። ያንን «አናጢው ተሳሳተ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አንብቤ መዶሻውን በከረጢት ይዤ ግዌን ቤት ሄድኩ። አባዬ የሠራው መወጣጫ እዚያው አለ፤ አንድም ጣውላ አልተነቃነቀም። ግዌን በሁለት ምርኩዝ በሩ ላይ ወጣች።

«ግዌን፣ መዶሻውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አልኳት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። «አባዬ አይደለም። እሱ መኪና ውስጥ ትቶት ነበር። እኔ ነኝ።»



«አውቃለሁ» አለች። «አይቼሻለሁ።»

«ምን?»

«ወንበሩ ላይ ሆኜ ዞር ስል ሣጥን ላይ ቆመሽ ስትሰቅዪው አየሁሽ። አባትሽ የላከሽ ነው የመሰለኝ፣ ዶሪ። ሌላ ምን ይታሰባል? ልኳት ነው፣ ሰቅላለች፣ አልኩ። ለማንም መንገር ያለብኝ ነገር አልመሰለኝም።» አንድ እርምጃ ቀረበችኝ። «አልላከሽም?»

«ቢሮ ነበር። አትነሳም እያለ ሲከራከር ነበር።»

ግዌን መወጣጫውን ቁልቁል አየችው። ከዚያ ልጅ ሆኜ ሰምቼው የማላውቀውን ስድብ በሌላንድ ክሬይቢል መቃብር ላይ ደረደረች። «አባቴ እኮ አባትሽን እንደጠላ ሞተ!» አለች። «እንደጠላው! በየዓመቱ ገና ሲደርስ አባትሽ የሚልክልንን ኩኪስ ለውሻ ይሰጥ ነበር!» ከዚያ እኔን ታየኝ ጀመር፤ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «አንቺንስ ምን ላድርግሽ?» አለች። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ግቢ፣ ደጅ አትቁሚ።»

በማግስቱ ሁለታችንም ብራንት ክሬይቢል ቢሮ ነበርን። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦልን ውሃ ቀዳልን። ሁሉንም ነገርኩት። ኦፓል ከቀብሩ በኋላ ያየችውን በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ ሰጥታኝ ነበር፤ እሱንም አሳየሁት።

«በጣም የሚያሳዝን ታሪክ ነው» አለ። «ግን አያቴ ዛሬ ራሱን ሊከላከል አይችልም።»

«አባቴስ ይችላል?» አልኩት።

«ጽሑፉን ለስለስ ማድረግ እንችላለን። ‹በጊዜው በነበረው አሠራር› ብለን...»

«ለስለስ አታድርገው። ‹ሚሎ ሃርቻር መዶሻውን አልሰቀለም› ብለህ ጻፍ። አራት ቃል ብቻ ናት። ያቺን ከጻፍክ መዶሻው ያንተ ነው።»

ጠበቆቹን ማነጋገር እንዳለበት ነገረን። ግዌን በምርኩዟ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታችና ተነሳች። «በል እንግዲህ ሣጥንህን ባዶውን አቁም» አለችው።

እውነትም ባዶውን አቆሙት። የምረቃው ቀን ማርሽ ባንድ ነበር፣ ንግግር ነበር፤ ሦስተኛው ባቡር ሰማያዊ ነው፣ ያምራል፣ አልዋሽም። ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ጽሑፉን አንስተውታል። መስታወቱ ውስጥ አንድ ምስማር ብቻ አለ። ግዌን ከጠዋት ጀምሮ ተጣጣፊ ወንበሯን ሣጥኑ አጠገብ ዘርግታ ተቀምጣለች። ዘበኛው ሊያስነሳት መጣና ሁለቱን ምርኩዞች ሲያይ ተመለሰ።

ወረፋው በአጠገቧ ያልፋል። ሰው ሁሉ ባዶ ሣጥን ሲያይ ይጠይቃል። «እዚህ ውስጥ ምን ነበር?» ይላሉ።

«ቁሙ፣ ልንገራችሁ» ትላለች ግዌን። ትነግራቸዋለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስንጣሪውን፣ ምድጃውን፣ ባርኔጣውን፣ ስሙን ጠርታ። ድምፅዋ እስኪጎረንን ድረስ ነገረች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር፣ መዶሻው ከረጢቴ ውስጥ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ እስከ መጨረሻው ሰምታ መስታወቱን በጣቷ ነካች።

«እና መዶሻውን ማን ሰቀለው?» አለች።

ግዌን ዞራ አየችኝ።

«እኔ» አልኳት ልጅቷን። «እኔ ነኝ የሰቀልኩት። አባቴ አልሰቀለም።»